እያሰበ ነው

ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ፊት ለፊት፣
«ማመልከቻ፣ ውል፣ ኮፒ» የሚል የተጻፈበት
አንድ ቆርቆሮ ቤት አለ፣ ወርዱ ክንድ ከስንዝር፤
አሥራ አንድ ዓመታችን፣ እኔና እሱ አብረን ስንኖር።

እሱ ኮምፒዩተሬ ነው።
ጎኑ እንደ ገጣባ የተላጠ፣ ግራጫው የወየበ፣
የ«ሀ» ቁልፉ ጠፍቶ በጥፍር ቀለም የተከተበ።
ጠዋት ስቀሰቅሰው፣ ማራገቢያው ሲነሣ፣
እንደ አንበሳ አውቶቡስ ዳገት ላይ ሲያገሳ።
ባለጉዳይ ይመጣል፣ ፊቱን አጨፍግጎ፣
የክሱን ወረቀት ብብቱ ሥር ሸጉጎ፤
«ምን ሆነ?» ይለኛል፣ ስክሪኑ ቀጥ ሲል።
«እያሰበ ነው» እላለሁ፤ ሌላ ምን ይባላል።

ረዲን የማውቀው ፒያሳ ነው፣ ሱቁ ሳይፈርስ በፊት፤
ዛሬ ከስታዲየም ጀርባ ነው፣ ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለበት።
ካቻቢቴውን ነክሶ፣ ሆዱን ከፍቶ አየና፣
«እትዬ ዘርፌ፣ ጭንቅላቱ ነው ያረጀ፤ ሌላው አካሉ ደህና።
ፕሮሰሰሩ ሁለት ኮር ነው፤ ባለ አራት አለኝ፣ የዚያው ዘመን፤
ያገለገለ ነው፣ አልዋሽም፤ ሶኬቱ ግን እሱን ብቻ ነው የሚያምን።
ላዳ ሞተር ሲቀየርላት አላየሽም? እንደዚያ በይው።
ሰባት ሺህ ነው። ላንቺ ስድስት ተኩል። ውሰጂው።»

ስድስት ተኩል።
ሌሊቱን በጣቴ ቆጠርኩ፣ ጣራ ጣራ እያየሁ፤
የሶስና መነጽር፣ ሁለት ቶነር፣ የወር ዕቁቤን ለየሁ።
ደግሞስ ዲስኩ ቢሆንስ? ያ የሚንኳኳው፣
እንደ ምስጥ ውስጥ ለውስጥ እየቆረጠመ የሚበላው?
እግሩ ላነከሰ ሰው ጭንቅላት ቢቀይሩለት
መንገዱን ያውቀዋል፤ በምን እግሩ ይሂድበት?
ከበሬም ጎን፣ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ፣
ቀይ ምልክት አለ፣ በጥድፊያ ተሞጫጭሮ።
ከተማው ራሱ ሆዱ ተከፍቶ ተኝቷል፤ ማዶ ክሬን ይዞራል።
ቤቱ ለሚፈርስ ዕቃ ጭንቅላት ይገዛል?
ወይስ ጭንቅላት ብዬ ጭንቀት ነው የምሸምት?
እንዲህ እያልኩ ደረሰ ሐሙስ ዕለት።

ባልና ሚስት መጡ። ፍቺ። እሷ ትነግረኛለች፤ እሱ ጫማውን ያያል።
«በመሆኑም» ላይ ስደርስ ማሽኑ ቀጥ ብሏል።
አምስት ደቂቃ። አሥር። ሦስታችንም ዝም።
«ሲሊንደሩን አስሞላሽ?» አላት፣ ሳያይ ፊቷንም።
«በምን ተሸክሜ?» አለች። «እኔ አመጣልሻለሁ» አላት።
መሳቅ አልፈለገችም፤ ሳቁ ነው ያመለጣት።
ማሽኑ ሲነቃ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ወጥተው ሄደዋል፤
የእነሱ ሰማንያ ሳይፈርስ የእኔ ሰማንያ ብር ቀርቷል።

ይሄን ለረዲ ባወራው ይስቃል፤ እኔም ስቄ ነበር።
ግን በጥቅምት የመጡትን፣ ወይዘሮ አልጣሽን፣ ለማን ልናገር?
ለይግባኙ የመጨረሻዋ ቀን፣ መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ሩብ ጉዳይ፤
ይኸው ማሽን፣ ይኸው ማሰብ፣ ያው ነጭ ገጽ ላይ።
አተምኩ፤ ሮጡ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ነጠላቸው እየወደቀ፤
በሩ ተቆልፏል። የቤታቸው ነገር በዚያ አለቀ።
«ምን ታደርጊ፣ ልጄ» አሉ።
እሳቸው ግን ከፈሉ።

ቅዳሜ ነው። ረዲ ቺፑን መዳፉ ላይ አድርጓል፤
ከብስኩት ያንሳል፤ አንድ ጥጉ ላይ ወርቅማ ነጥብ ያብረቀርቃል።
የእኔን አቧራ በብሩሽ ጠረገ፤ ሁለት እፍኝ ወጣው፤
የስንቱ ክስ፣ የስንቱ ውል፣ የስንቱ እግር ያመጣው።
«ልግጠመው?»
ፖስታው በላብ ርሷል፣ ጠቅልዬ ይዤው።
«ምን ሆንሽ?» አለኝ፣ ካቻቢቴውን ከጥርሱ አውጥቶ።
ምድር ቤቱ ጸጥ አለ፣ የጄኔሬተሩም ድምፅ ጠፍቶ።
«ቆይ» አልኩት፤
«እያሰብኩ ነው።»